የቀደር ቃል መቼ ይነገራል?

 

ይህን ጽሑፍ ለብዙ ጁሙዓዎች እየጀመርኩ ስተወው ቆይቻለሁ። ስለ ሌላ ሰው ስህተት መጻፍ ይቀላል። ይሄኛው ግን የራሴም አለበት።

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ል. ጥር ወር መጨረሻ ላይ፣ እዚሁ አጣዬ ነው። ያንን ጊዜ የአገሬ ሰው ይረሳዋል ብዬ አላስብም። ከተማችን በ2013 መጋቢት ላይ ነደደች፤ ሚያዝያ ላይ ደግሞ የተረፈው ነደደ። ገና ቆርቆሮ መትተን ሳንጨርስ በ2014 ኅዳር ጦርነቱ መጣ። ሰዉ ወደ ደብረ ብርሃንም ወደ ሌላም ሸሽቶ፣ ታኅሣሥ ላይ አንድ ሁለት እያለ ተመለሰ። ቤቱ የተረፈለት ቤቱ ያልተረፈለትን አስጠግቶ፣ በአንድ ክፍል ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ያድር ነበር።

በዚያው ሰሞን ሰው ሁሉ ያስለው ጀመር። አዲስ አበባም እንዲሁ፣ እኛም ዘንድ እንዲሁ። «ጉንፋን ነው» ተባለ። በዚያ ታኅሣሥ በኢትዮጵያ በቀን የሚመዘገበው የኮሮና ቁጥር ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። እኛ ግን ከጦርነት የተረፍን ሰዎች ነበርንና ሳልን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም።

አንዲት ጎረቤት አለችን። ስሟን አልጠራም። ባሏ ከሰንበቴ ገበያ እህል እያመጣ ይነግዳል። ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ ነበረቻቸው፤ እኔ ዘንድ ቁርኣን ትቀራ ነበር። ድምጿ ከሰውነቷ የሚበልጥ ልጅ ነበረች። ታኅሣሥ ላይ ቤተሰቡ በሙሉ ሲያስለው እሷ ሁለት ቀን አስነጥሷት ተነሣች፣ ሮጠችም። አራት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ግን ትኩሳት ያዛት።

በእኛ ቆላ ትኩሳት ከመጣ የመጀመሪያው ቃል «ወባ» ነው። አስመረመሯት፤ ወባ የለም። «እንግዲያው ታይፎይድ ይሆናል» ተብሎ ኪኒን ተሰጣት። በሦስተኛው ቀን ዓይኖቿ ቀሉ፣ ሆዷን አመማት፣ ሰውነቷ ላይ ሽፍታ ወጣ። አያቷ «ይሄማ ኩፍኝ ነው» አሉ። ኩፍኝ ደግሞ በእኛ ዘንድ ወግ አለው፦ ልጁ ከቤት አይወጣም፣ ብርሃን አያይም፣ መርፌም አይወጋም። (ኩፍኝ ቢሆን እንኳ ይህ ወግ ልጆችን ጎድቷል። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሐኪም ማየትና ቫይታሚን ኤ ማግኘት አለበት፤ ዓይኑን ሊያጣ ይችላልና።)

ያን ሌሊት እናቷ ደወለችልኝ። «ኡስታዝ፣ ትኩሳቱ አልበርድ አለ። ኮሮና ይሆን እንዴ?» አለችኝ።

እኔም፣ «ኮሮና ልጅ አይነካም። ዱዓ አድርጊ፣ ሰብር አድርጊ። የአላህ ቀደር ከሆነ ማንም አይመልሰውም» አልኳት። ከዚያም ተኛሁ። ቤታቸው ከቤቴ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት የልጅቷ እጅና እግር ቀዘቀዘ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ፣ ሲጠሯት በቅጡ አትመልስም ነበር። መኪና ተፈለገ። ከሱብሒ በኋላ መፈለግ ተጀምሮ የተገኘው ዐሱር ላይ ነው። በደብረ ሲና አድርገው፣ ጣርማ በርን ወጥተው፣ ደብረ ብርሃን የደረሱት በሌሊት ነው። ሐኪሞቹ ልቧ በጣም መድከሙን ነገሯቸው፤ ሕመሙ ከኮሮና በኋላ በልጆች ላይ የሚመጣውን የሚመስል መሆኑንም አስረዷቸው። የሚችሉትን አደረጉ። ወደ አዲስ አበባ ሊልኳት ሲዘጋጁ፣ በማግስቱ ከዒሻ በኋላ፣ ሩሗ ወጣች። ኢና ሊላህ።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ። ጀናዛዋን ለማምጣት ስልክ በተደወለ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መኪና ተገኘ። የሰጠን ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው። ራሱ ነድቶ ሄዶ አመጣልን፣ ለዙህር ደረሰልን። ከቀብር ስንመለስ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ትናንትና በስቲያ ጠዋት መኪናዋ በሬ ላይ ቆማ ነበር። ለምን አልነገራችሁኝም?» አለኝ። መልስ አጣሁ። በዚያ ዓመት አጣዬ ውስጥ ማን የማንን በር ያንኳኳ እንደነበር እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ወደ ተዕዚያው ልመለስ። ሰው እየገባ ይወጣል። ሴቶቹ እናቲቱን ከበዋታል። የሚሏትን እየሰማሁ ነበር። አንዷ «ምነው ቶሎ ብትወስጃት?» ትላለች። ሌላዋ «ወባ የለም ሲሉሽ ያኔውኑ ወደ ላይ መውጣት ነበረብሽ» ትላለች። ሦስተኛዋ ደግሞ «የእኔ እህት ልጅ እንዲሁ ሆና፣ ወዲያው ወስደዋት ዳነች» ትላለች። ክፋት የለባቸውም። ሰው ሞት ሲያይ ምክንያት መፈለጉ አይቀርም፤ ምክንያቱ ከተገኘ በእኔ ቤት አይደርስም ብሎ ይጽናናል።

በሦስተኛው ቀን እናቲቱ እኔን አስጠርታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ኡስታዝ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ይሄ የአላህ ቀደር ነው ወይስ እኔ ነኝ ያዘገየኋት?»

ወገኖቼ፣ ለዓመታት ቂርኣት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እንደዚያ ቀን ምላሴ ተሳስሮ አያውቅም። ከጥያቄው በፊት አንድ ነገር ስለታየኝ ነው። ልጅቷ ስትተነፍስ፣ ጊዜ እያለ፣ እኔ ለእናቷ ስለ ቀደር ነገርኳት። ልጅቷ ከሞተች በኋላ፣ ጊዜው ካለቀ በኋላ፣ ሰዎች ለእናቷ ስለ ሰበብ ነገሯት። የሁለቱን ቃላት ቦታ አቀያይረነዋል። መነሣት በሚገባን ሰዓት «ቀደር ነው» እንላለን፤ «ቀደር ነው» ማለት በሚገባን ሰዓት «ምነው ብትነሺ ኖሮ» እንላለን። የመጀመሪያው ልጅቷን ጎዳ፣ ሁለተኛው እናቷን ገደለ።

ብዙዎቻችን በልባችን የምንሸመድደው አንድ ሐዲሥ አለ፤ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ በሶሒሕ ሙስሊም የሚገኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እዚያ ላይ በቅድሚያ የሚያዙን በሚጠቅመን ነገር ላይ እንድንጓጓ፣ በአላህ እንድንታገዝ፣ እጃችንን አጣጥፈን እንዳንቀመጥ ነው። ቀጥለው ነው፣ አንዳች ነገር ከደረሰብን በኋላ፣ «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እያልን ራሳችንን እንዳንበላ የሚከለክሉን፤ ያቺ «ኖሮ» የሸይጣንን በር ትከፍታለችና። አንድ ሐዲሥ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ከመከራው በፊት ላለ ሰው ነው፣ ሁለተኛው ግማሽ መከራው ላለፈበት። እኔ ሁለተኛውን ግማሽ በመጀመሪያው ሰዓት ነገርኳት። ተዕዚያ የመጡት ደግሞ የመጀመሪያውን ግማሽ በሁለተኛው ሰዓት አነበቡላት።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ያጋጠማቸውን ታስታውሳላችሁ። በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ ነው። መንገድ ላይ ሳሉ ሻም ውስጥ ወረርሽኝ መግባቱ ተነገራቸው። ሙሃጂሮችን አማከሩ፣ አንሷሮችን አማከሩ፣ ከዚያ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማከሩና ሰዉን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ዑመር የመለሱላቸው የሚሸሹት ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር መሆኑን ነው። ምሳሌም አመጡ፦ ግመሎችህን ይዘህ አንድ ሸለቆ ብትወርድ፣ አንዱ ወገን ለምለም፣ ሌላው ወገን ደረቅ ቢሆን፣ በለምለሙም ብታሰማራ በአላህ ቀደር ነው፣ በደረቁም ብታሰማራ በአላህ ቀደር ነው።

ይህን ምሳሌ የቆላ ሰው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮው ያውቀዋል። ግመሉን ወደ ደረቁ ሜዳ ነድቶ፣ ሲሞትበት «ቀደር ነው» የሚል እረኛ እዚህ አገር ማን አይቷል? በከብታችን ላይ የማንቀበለውን ፊቅህ ነው በልጆቻችን ላይ የምንቀበለው።

ግን ደግሞ የታሪኩን ሌላ ወገን አንርሳ። አቡ ዑበይዳ በዚያው የዐምዋስ ወረርሽኝ ሞቱ። ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልም (ረ.ዐ) ሞቱ። ዑመር ለአቡ ዑበይዳ ሞት ራሳቸውን ሲወቅሱ፣ ወይም «ተመለስ ብዬህ ነበር» ሲሉ አልተሰማም። ከፊት ለፊታቸው ላለው ተጉ፣ ከኋላቸው ለሆነው ደግሞ ለአላህ ሰጡ።

አንዳንዶቻችሁ «ኡስታዝ፣ ያ ሕመም ቢታወቅስ ምን ይደረግ ነበር?» ትሉ ይሆናል። እኔም ከዚያ ወዲህ ነው ጠይቄ የተረዳሁት። «ኮሮና ልጅ አይነካም» የሚለው ቃል ግማሹ እውነት ነበር። በሽታው ወደ አገራችን መግባቱ ከታወቀበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ጀምሮ በአብዛኛው የገደለው ሽማግሌዎቻችንንና ሌላ ሕመም ያለባቸውን ነው። ልጆችን ጉንፋን አስመስሎ ነው የሚያልፋቸው። ግን በ2012 ሚያዝያ ላይ የእንግሊዝ ሐኪሞች አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ፤ በጣልያን ቤርጋሞም ተመሳሳይ ታየ። ደህና የነበሩ ልጆች ከፍተኛ ትኩሳት፣ የቀላ ዓይን፣ ሽፍታ፣ የሆድ ሕመም ይዘው፣ ልባቸው ደክሞ ይመጡ ጀመር። አብዛኞቹ ከሳምንታት በፊት ኮሮና ይዟቸው፣ ወይም በቤታቸው ሰው ታሞ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ግንቦት 7 ለሕመሙ መለያ አወጣለት። ሐኪሞች በምህጻር ኤም አይ ኤስ-ሲ ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ብዙ የሰውነት ክፍሎችን አንድ ላይ የሚያስቆጣ የሕፃናት ሕመም ልንለው እንችላለን።

የሚመጣው ቫይረሱ ከያዘ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ቫይረሱ ሳይሆን ቫይረሱን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ ነው፣ ከጠላት ጋር ተዋግቶ ካበቃ በኋላ ትጥቁን አልፈታ ብሎ የራሱን ቤት የሚያቃጥለው። አጣዬ ለኖረ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ልብን፣ የልብን የደም ሥሮች፣ አንጀትን፣ ኩላሊትን ይነካል። በብዛት የታየው ትምህርት ቤት በደረሱ ልጆች ላይ ነው፤ ከዚያ ያነሱትም አላመለጡም። ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ጨቅላዎች ደግሞ ከዚህ ውጭ በኮሮናው በራሱ ሳንባቸው የሚጎዳበት፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ጊዜ አለ።

ብዙ ነው ወይ? አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት የአሜሪካ ሐኪሞች ግምት በኮሮና ከተያዙ ከ3,000 እስከ 4,000 ልጆች መካከል አንዱን ያገኛል የሚል ነበር። ዛሬ ደግሞ በጣም ቀንሷል። ስለዚህ ሳል በሰማን ቁጥር መደንገጥ የለብንም። ጥያቄው ግን እዚህ ላይ ነው። ከአራት ሺህ አንድ ማለት ለመንግሥት ሪፖርት ከዜሮ የሚቀርብ ቁጥር ነው። ለአንዲት እናት ግን ሙሉ ነው። «ብርቅ ነው» የሚለው ቃል ለሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ እናቶች ማጽናኛ ነው፤ ያቺን አንዷን ግን ብቻዋን ያስቀራታል። ሌሊት ስትደውል የሚሰማት የሌለው እኮ ብርቅ በመሆኗ ነው። እኔም «ልጅ አይነካም» ያልኳት ለሦስት ሺዎቹ የሚሆነውን ቃል ነው፤ የደወለችው ግን አንዷ ነበረች።

ታክሞ ይድናል ወይ? በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛው ይድናል። ልብን የሚደግፍ ሕክምና፣ ከደም ለጋሾች የሚዘጋጅ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል ውድ መድኃኒት፣ ርካሽ የሆነው ስቴሮይድም ራሱ ከሕክምናዎቹ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከ9,000 በላይ ልጆች በዚህ ሕመም ተመዝግበው የሞቱት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ወደ እኛ አህጉር ስትመጡ ሌላ ነው። ኮንጎ፣ ጋና፣ ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና ኡጋንዳ ውስጥ በኮሮና ሆስፒታል የተኙ 469 ልጆችን የተከታተሉ ሐኪሞች በ2014 ያወጡት ጥናት አለ። ከእነዚያ ልጆች 39ኙ ሞቱ። ይሄ የመቆጣት ሕመም የታየባቸው ወይም የተጠረጠረባቸው 18 ነበሩ፤ ከ18ቱ 4ቱ ሞቱ። 18 ትንሽ ቁጥር ነው፣ ብዙ ልንጭንበት አይገባም። ቢሆንም ከመቶ አንድ የማይሞላውንና ከ18 አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

እና አንድ ነገር እንጠያየቅ። የለንደኑን ልጅና የይፋቱን ልጅ ዕድሜ የጻፈው አንድ ጌታ ነው። ታዲያ ልዩነቱን «ቀደር» ብለን ብንዘጋው ማንን ነው የምንከሰው? አስተግፊሩላህ። አላህ ለእኛ ልጆች አነስ ያለ እዝነት የሰጠ ይመስል! እዝነቱ አንድ ነው፤ የሚለያየው መንገዱ፣ ኦክስጅኑ፣ መኪናው፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሣው ሰው ነው። እነዚህ ደግሞ በሰው እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ በሰው እጅ ስላለ ነገር ደግሞ ሰው ይጠየቃል።

ልጅ ያላችሁ፣ ኮሮናም ሆነ ሌላ፣ ይህን ብቻ ያዙልኝ። ትኩሳቱ ሦስት ቀን አልፎ ካልበረደ፣ ዓይን ከቀላ፣ ሽፍታና የሆድ ሕመም ወይም ትውከት ከተጨመረበት፣ እጅና እግር ከቀዘቀዘ፣ ልጁ ከፈዘዘ፣ ጨቅላው መጥባት ካቃተው ወይም ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወባ የለም ተባለ ብላችሁ አትመለሱ። ከሳምንታት በፊት ቤት ውስጥ ሳል ነበረ ከሆነ ሳትጠየቁ ለሐኪሙ ንገሩት። እሱ የዛሬውን ትኩሳት እንጂ የታኅሣሡን ሳል አያይም።

እናቲቱ ወደ ጠየቀችኝ ልመለስ። ልነግራት የቻልኩት ይህን ነው፦ አንቺ አስመርምረሻል፣ ኪኒን ሰጥተሻል፣ ሌሊት ደውለሻል፣ መኪና ፈልገሻል። የሚጠቅማትን ለማድረግ ጓጉተሻል፤ ያንቺ ግማሽ ተፈጽሟል። ስለዚህ አሁን ያንቺ ሐዲሥ ሁለተኛው ግማሽ ነው፤ ያቺን «ኖሮ» በሯን ዝጊባት። የማታውቂውን ሕመም አላወቅሽም ብሎ አላህ አይጠይቅሽም። ልጅሽም ጀነት በር ላይ እንደምትጠብቅሽ ከነቢያችን ተምረናል።

ይህን ስላት እሷ አለቀሰች። እኔ ግን በውስጤ ሌላ ነገር ይጠይቀኝ ነበር። ይሄው ሐዲሥ እኔንስ ነፃ ያወጣኛል ወይ? እኔም «አልሐምዱሊላህ፣ ቀደር ነው፣ ኖሮ ማለት ክልክል ነው» ብዬ ልተኛ? ዑለማዎቻችን ስለ ኣደምና ሙሳ (ዐለይሂመ ሰላም) ክርክር ሲያብራሩ የተናገሩትን አሰብኩ፤ ሰው በደረሰበት መከራ ላይ ቀደርን ማስረጃ ያደርጋል፣ በሠራው ጥፋት ላይ ግን አያደርግም። ለእሷ የልጇ ሞት መከራ ነው። ለእኔ ግን ያ ስልክ ጥፋት ነበር። ሳላውቅ እንደሚያውቅ ሰው መናገሬ ነበር ጥፋቱ። የቁርኣን አስተማሪ ስለሆንኩ ነው የጠየቀችኝ፤ እኔም የማላውቀውን ሕክምና በማውቀው የዲን ቃል ሸፈንኩት። «አላውቅም፣ ልምጣ» ማለት ይበቃ ነበር።

የዘይነብ (ረ.ዐ) ልጅ ታሪክም አላስተኛ አለኝ። የነቢያችን ልጅ ሕፃኗ ሲያጣጥር ወደ አባቷ መልእክት ላከች። እሳቸው ሰላምታ ልከው፣ ሁሉም የአላህ መሆኑን አስታውሰው፣ በሰብር አዘዟት። እሷ ግን ምላ አስላከችባቸው፤ ይምጡልኝ አለች። ተነሡ፣ ሰሓቦችን አስከትለው ሄዱ። ሕፃኑን ተቀበሉት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነበር፣ ዓይናቸው እንባ አፈሰሰ። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) ተደንቀው ምንድን ነው ሲሏቸው፣ አላህ በባሮቹ ልብ ያስቀመጠው እዝነት መሆኑን ነገሯቸው። የሰብርን ቃል እሳቸውም ልከዋል። ግን ስትጠራቸው ተነሥተው ሄደዋል። እኔ ቃሉን ወሰድኩና እግሩን ተውኩት።

እናም አርባ ቀን ሳይሞላ ወደ ቤቷ ሄጄ ባሏ ባለበት ነገርኳት። «ያን ሌሊት የነገርኩሽ ትክክል አልነበረም። ሳላውቅ ነው የተናገርኩት። መምጣት ነበረብኝ፣ አልመጣሁም። ዐፍው በይኝ» አልኳት። ባልዬው ዝም ብሎ ወለሉን ያያል። እሷ ብዙ ጊዜ ቆየች። ከዚያ፣ «እኔስ ኡስታዝ ይምጡ ልልዎ ነበር፤ ሌሊት ነውና አፍሬ ነው የተውኩት» አለችኝ። ዐፍው ትበለኝ አትበለኝ ዛሬም በትክክል አላውቅም። ቡና ግን አፈላችልኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር በየስብሰባው አነሣለሁ፤ የቅሬያችን ነገር። አልሐምዱሊላህ፣ ቅሬያችን ለጀናዛ የሚያስፈልገው ገንዘብ ጎድሎት አያውቅም። ከፈኑ ተገዝቶ ተቀምጧል፣ ቃሬዛው ዝግጁ ነው፣ ሰው ከሞተ ወጣቶቹ በሰዓቱ ይቆፍራሉ። ገና ላልሞተ ሰው ግን የሚወጣ ሰባራ ሳንቲም የለም። ያቺ ልጅ በሕይወት ሳለች መኪና ለመከራየት አባቷ ጠዋቱን ሙሉ ከሰው ሰው እየዞረ ተበደረ። በሞተች ማግስት ግን የሁላችንም ኪስ ተከፈተ። ስለዚህ ከመዋጮው አንድ ክፍል ለሕመምተኛ ማጓጓዣ ይቀመጥ፣ መኪና ያላቸው ሰዎች፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ ስልካቸው ይመዝገብ እላለሁ።

አንድ የምናከብራቸው ሸህ ይቃወሙኛል። ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። «ሞት አንድ ጊዜ ነው፣ ሕመም ግን ማለቂያ የለውም። ለሕመም ከጀመርን በሦስት ወር ውስጥ ከፈን የምንገዛበት እናጣለን። ቅሬ የሙታን ሐቅ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የገንዘቡን ልክ ያውቁታል፣ የድሃውን ኪስም ያውቁታል። እኔም እስካሁን በቂ መልስ አላገኘሁላቸውም፤ ለልጆችና ለወላድ ሴቶች ብቻ እናድርገው ብዬ ነው የለመንኳቸው። «ይታሰብበት» ብለዋል።

በመጪው እሑድ ነጋዴዎቹ ከሰንበቴ ሲመለሱ፣ ከመግሪብ በኋላ መስጂዱ ግቢ ውስጥ እንደገና እንሰበሰባለን። የአጣዬና የአካባቢው ሰዎች መኪና ወይም ባጃጅ ያላችሁ ከሆነ ብቅ በሉ። ያ ጎረቤታችንም እመጣለሁ ብሏል።